ማንኮራፋት የጥሩ እንቅልፍ ምልክት አይደለም

ወንድሜ፣ «አባቴ ሲያንኮራፋ ከዚራ ሰፈር ሙሉ ይሰማዋል፤ እንዲህ የሚተኛ ሰው ጤነኛ ነው» ያልከውን አነበብኩ። ሳቄ መጣ። ዕድሜ ይስጠው (ድሬዳዋ ላይ አንቱታ እንደማንወድ ታውቃለህ)። አንድ ነገር ግን ላርም።

ማንኮራፋት አየር በጠበበ ጉሮሮ ሲያልፍ የሚወጣ ድምፅ ነው። የሚያንኮራፋ ሁሉ በሽተኛ አይደለም። የሚያሰጋው ድምፁ ድንገት ሲጠፋ ነው። አጎቴ ሳቢያን ሰፈር ባለው ግቢው ውስጥ አልጋ አውጥቶ ሲተኛ አይቼዋለሁ። ያንኮራፋል፣ ያንኮራፋል፣ ከዚያ ጭጭ። ደረቱ ይታገላል፣ ትንፋሽ ግን የለም። ቆይቶ እንደታነቀ ሰው ብንን ብሎ አየር ይስባል። ጠዋት ብትጠይቀው ምንም አያስታውስም።

ይሄ ስሊፕ አፕኒያ ነው፤ እንቅልፍ ላይ ትንፋሽ እየተቋረጠ የሚያስቸግር ሕመም። ቢያንስ 10 ሰከንድ የቆየ የትንፋሽ መቋረጥ ይቆጠራል፤ በሰዓት 30 ጊዜና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል። ኦክስጅን በወረደ ቁጥር ልብ ይጨነቃል። ደም ግፊት፣ የልብ ምት መዛባት፣ ስትሮክ ከዚሁ ጋር የተያያዙ ናቸው።

አጎቴ ቀን ሲያንጎላጅ «ሙቀቱ ነው» ይል ነበር። ሙቀቱማ አለ! ባጃጅ እየነዱ ማንጎላጀት ግን የሙቀት ብቻ አይደለም።

ደግሞ ወፍራም ብቻ አይደለም የሚይዘው፤ ውፍረት ያባብሰዋል እንጂ ቀጭንም ይይዛል። መጠጥና የእንቅልፍ ክኒንም ጉሮሮን ስለሚያላሉ ያብሱታል።

ዛሬ ማታ አባትህ ሲተኛ በስልክህ ቅረጸው። ትንፋሹ የሚቆም ከሆነ ቪዲዮውን ይዛችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ግፊቱንም ይለካ። በማስክ አየር የሚገፋ ሲፓፕ የሚባል ማሽን አለ፤ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ያደርጋል።