በስተርጅና ሰው አገር

ባለፈው የማኅበር ቀን ጠበል ጠዲቁ ተነሥቶ ቡና እየጠጣን ትልቅ ክርክር ተነሣ። መነሻው ናይሮቢ ሠርቶ የተመለሰ የሠፈራችን ልጅ ነው። እዚያ ሳለ ፊት ለፊቱ ያለው ቤት ውስጥ አንድ አሜሪካዊ ባልና ሚስት ይኖሩ ነበር። ጡረታ የወጡ፣ የልጅ ልጅ ያዩ ሰዎች ናቸው። ከዩታ ነው የመጡት። ሰው ሞርሞን የሚለው፣ እነሱ ግን «የኋለኛው ቀን ቅዱሳን» የሚሉት ቤተ ክርስቲያን ልኳቸው ነው።

«ቤት ለቤት እየዞሩ ይሰብካሉ?» አሉ አንዲት እናት። የማኅበሩ ታላቅ ናቸው፤ ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው።

«ኧረ እማማ፣ በር የሚያንኳኩት ወጣቶቹ ናቸው። የእነዚህ ሥራ ሌላ ነው» አለና ውሏቸውን ነገረን።

ጠዋት ሴትየዋ ቢሮ ይገባሉ። ወጣቶቹ ሚሲዮናውያን የሚኖሩበትን ቤት ኪራይ፣ የመብራትና የውሃ ሂሳብ የሚከታተሉት እሳቸው ናቸው። ባልየው መኪና ይዘው የልጆቹን ቤት ይጎበኛሉ። ቧንቧ ካንጠባጠበ ያሠራሉ፣ ፍራሽ ካለቀ ያስቀይራሉ፣ የታመመውን ሐኪም ቤት ያደርሳሉ። በሳምንት አንድ ቀን ልብስ አጥበው ገበያ ይወጣሉ። እሑድ ጥቂት ሰው ያለበት ጉባኤ ሄደው ያግዛሉ። ማታ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር በቪዲዮ ያወራሉ። ናይሮቢ ሲመሽ ዩታ ገና ረፋድ ነው።

«ደመወዛቸውስ?»

«ደመወዝ የለም። ኪራያቸውንም ቀለባቸውንም የሚከፍሉት ከኪሳቸው ነው። እንደነሱ ያሉ ባልና ሚስቶች ከ6 እስከ 23 ወር ነው የሚያገለግሉት፤ እነሱ 18 ወር ተቀመጡ።»

እዚህ ድረስ ሁሉም በደህና ሰማ። ነገሩ የከረረው ልጁ አንድ ቀን ቡና እንደጠራቸው ሲያወራ ነው። ሃይማኖታቸው ቡናም ሻይም አይፈቅድም። መጥተው ተቀመጡ፣ ፈንዲሻውን ቆረጠሙ፣ በስኒው ፈንታ ውሃ ጠጡ።

«ቡና የማይጠጣ ጎረቤት ምን ጎረቤት ነው?» አሉ እማማ።

ጡረታ የወጡት የታሪክ መምህራችን ቀበል አደረጉ። «ኧረ እትዬ፣ የኛም አያቶች ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብለው አይነኩም ነበር። ይልቅ እስከ በረካ ተቀመጡ ወይ ብለሽ ጠይቂው።»

«ተቀምጠዋል ጋሼ። ሦስተኛው ተቀድቶ ተጠጥቶ ነው የተነሡት።»

እማማ ይህን ሰምተው ለስለስ አሉ፤ ግን አልለቀቁም። «የልጅ ልጅ ትቶ መሄድ ምን ይሉታል? እርጅና እኮ መጦሪያ ነው።»

አንዲት ነርስ ጎረቤታችን መለሰችላቸው። «እማማ፣ ከዚህ ሠፈር ስንቱ ነው ልጆቹን ድሮ፣ ሀብቱን አካፍሎ፣ ቆብ ጭኖ ዋልድባና ማኅበረ ሥላሴ የገባው? እንዲያውም የኛ ሰው ሲመንን ባልና ሚስቱ ይለያያሉ። እነዚህ አብረው ነው የሄዱት።» እማማ ዝም አሉ። የገዛ ወንድማቸው መንኖ እንደሄደ ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን ደግሞ መምህሩ ተነሡ። የሳቸው ስጋት ሌላ ነው። «ጐንደር ሚሲዮን ሲባል ጆሮዋን የምታቆመው በከንቱ አይደለም። አፄ ሱስንዮስ እ.ኤ.አ. በ1622 ካቶሊክ ሆኑ፤ አገር ተላለቀ። በ1632 ሃይማኖቱን መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለቀቁ። አፄ ፋሲል ኢየሱሳውያን የሚባሉትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን አባረሩ፤ ይህን ከተማ የቆረቆሩት ከዚያ ወዲያ ነው። ማን ላከህ፣ ለምን መጣህ ብሎ መጠየቅ ክፋት አይደለም።»

«ጋሼ፣ እነዚህ እኮ ከንጉሥ ጋር አይደለም የሚውሉት» አለች ነርሷ። «የታመመ ልጅ ነው የሚያስታምሙት።»

«ፍላድም እንደዚያው ነበር» አሉ መምህሩ። ጀርመናዊው ማርቲን ፍላድ ከዚሁ ከደምቢያ፣ ጀንዳ ነበር የኖረው። ለቤተ እስራኤሎች ይሰብክ ነበር። ሚስቱ ፓውሊነ በሽተኛ ማስታመም የተማረች ሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1866 አፄ ቴዎድሮስ ፍላድን መልእክት አስይዘው ወደ እንግሊዝ ሲልኩት እሷና ልጆቿ በመያዣነት ቀሩ። በዓመቱ ተመለሰላቸው። የተፈቱት በ1868 መቅደላ ላይ ነው። መምህሩ ይህን ያነሡት ለወቀሳ ነበር፤ ሲተርኩት ግን ድምፃቸው ራርቶ ነበር።

ክርክሩን ያቆመው የእማማ ጥያቄ ነው። «እነዚያ የናይሮቢዎቹ፣ ሲሄዱ ሥራውን ለማን ትተውት ሄዱ?»

ልጁ ትንሽ አሰበ። «ሌሎች ባልና ሚስት መጡ፤ እነሱም ከአሜሪካ። ገበያው የት ነው፣ ቧንቧ ሠሪው ማነው እያሉ እንደገና ከሀ ጀመሩ።»

«ያገሩንስ ቋንቋ ለምደው ነበር?»

«ሰላምታ ብቻ። ሽማግሌዎቹ ቋንቋ መማር ግዴታ የለባቸውም።»

እኔ ፍርዴን ልናገር። የልጅ ልጅ ትተው መሄዳቸውን አልነቅፍም። በዚያ ዕድሜ ከገዛ ቤት ተነቅሎ፣ በራስ ገንዘብ፣ የሰው ልጅ ለማስታመም መሄድ ትልቅ ነገር ነው፤ ባርኔጣዬን አነሣላቸዋለሁ። ሃይማኖታቸውን አልከተልም፤ ቡናዬ ላይ ግን ደስ እያለኝ አስቀምጣቸዋለሁ። መምህሩም እውነት አላቸው፤ ለሚመጣ ሰው ጥያቄ ማቅረብ መብታችን ነው፤ በተለይ እኛ ጐንደሬዎች።

የኔ ቅሬታ እማማ ያነሡት ላይ ነው። በ18 ወር ሰው የሠፈሩን ሰው ስም ገና መለየት ይጀምራል። ያን ጊዜ ሻንጣ ይሸከፋል። ፍላዶቹ ብዙ ዓመት ኖረዋል፣ አማርኛ ተናግረዋል፤ ለዚህ ነው የሚቃወሟቸው መምህር እንኳ ታሪካቸውን በርኅራኄ የሚያወሩት። ናይሮቢ ውስጥ የሂሳብ መዝገብ የሚይዝ፣ የታመመ የሚያደርስ ጡረተኛ ኬንያዊ ባልና ሚስት አይጠፋም። ሴትየዋ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ አንዲት ኬንያዊት አጠገባቸው አስቀምጠው መዝገቡን ቢያስለምዱ ኖሮ፣ ልጁ ለእማማ ጥያቄ ሌላ መልስ ይኖረው ነበር። ወደኛም ከተማ እንዲህ ያሉ ሽማግሌዎች ቢመጡ መጀመሪያ የምጠይቃቸው ይህንኑ ነው፦ ስትሄዱ መዝገቡን የሚረከበው የጐንደር ሰው ማነው?