«በወርቅ የተለበጠ» የተባለው ነጭ ሰሌዳ

ዋይት ሐውስ በሜይ 2025 ባወጣው የበጀት ሐሳብ (ቀኖቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) የሁለት ቢሊዮን ዶላሩን ላንድሳት ኔክስት (ምድርን ከላይ የሚያነሱት የአሜሪካ ላንድሳት ሳተላይቶች ቀጣይ ትውልድ) «በወርቅ የተለበጠ» ብሎ ዘለፈው፤ ናሳም የላንድሳትን ምስል ሳይቋረጥ ለማስቀጠል ረከስ ያለ መንገድ ያጥና አለ። ይህን አንብቤ ባለፍኩት ነበር። ደሜን ያፈላው የራሳችን ሰው ሰሞኑን በአንድ ስብሰባ ላይ ያንኑ ሲያስተጋባ መስማቴ ነው፦ «ትንንሽ የንግድ ሳተላይት ሰማዩን ሞልቶት የለም እንዴ? ፎቶ እንደሆነ ፎቶ ነው!»

ለሠርግ አልበም ከሆነ፣ እሺ። የዛሬ ሠላሳ ዓመቱን ግጦሽ ከዘንድሮው ጋር ለማስተያየት ግን የሚፈለገው መለኪያ ነው። መለኪያ ደግሞ ያረጃል።

የናሳዋን ሳተላይት ቴራን እናንሳ። በዲሴምበር 1999 ስትመጥቅ ሞዲስ የተባለውን ሴንሰር ተሸክማ ነበር። ሴንሰሩ ራሱን የሚፈትሽበት ነጭ ሰሌዳ አለው፤ ፀሐይ ሰሌዳው ላይ ታርፋለች፣ ሞዲስ ያየዋል፣ ዓይኑ ምን ያህል እንደደከመም ከዚያ ይሰላል። ሰሌዳው መዝጊያ ነበረው። በ2003 መዝጊያው ታወከ፤ ከጁላይ ጀምሮም እንደተከፈተ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ነጩ ሰሌዳ መስኮት ላይ እንደተረሳ መጋረጃ ፀሐይ እየበላው፣ በተለይ በሰማያዊው ብርሃን በኩል እየደበዘዘ ሄደ። ሴንሰሩ ራሱም በዚያው በሰማያዊው በኩል ይደክም ነበር። ውጤቱስ? አምስተኛውን የሞዲስ ዳታ ስብስብ (ዳታው እየታረመ በእትም በእትም ነው የሚወጣው) ያየ ሰው የሰሜን አሜሪካ ዕፅዋት እየጠወለጉ ነው ሊል ይችል ነበር፤ የመጠውለጉ አንዱ ምክንያት ግን የሴንሰሩ እርጅና መሆኑን በ2012 የወጣ ጥናት አጋለጠ። ስድስተኛው ስብስብ የታረመው ጨረቃንና በረሃን እያየ ልዩነቱን የሚለቅም ቡድን ስለነበረ ነው። ያ ቡድን ደመወዝ ይበላል። ወርቅ የተባለው ይኼ ከሆነ፣ አዎ፣ ወርቅ ነው!

ላንድሳት 8 በየወሩ ፊቱን ከምድር አዙሮ ጨረቃን ያያል፤ የጨረቃ ፊት አይከስምምና። ላንድሳት 9 በ2021 ሲመጥቅ ቦታው ከመግባቱ በፊት ከላንድሳት 8 ሥር ሥሩ በረረ፤ ሁለቱ ያንኑ መሬት አብረው አይተው ቁጥራቸውን አስተካከሉ።

አሁን ወደ «ርካሹ» እንምጣ። ትንንሾቹ የንግድ ሳተላይቶች ምስላቸውን ከምን ጋር እያስተያዩ የሚያርሙ ይመስላችኋል? ከላንድሳትና ከአውሮፓው ሳተላይት ከሴንቲኔል 2! የገበያው ነጋዴ ሁሉ የሚዛን ድንጋዩን ከአንዱ ድንጋይ ጋር እያስተያየ ሲነግድ፣ ያንን አንዱን «ውድ ነው» ብሎ መወርወር ቁጠባ ሳይሆን ድንቁርና ነው። ሴንቲኔል አለ ትሉኝ ይሆናል። አለ፤ ግን ከ2015 ወዲህ። ላንድሳት 5 የመጠቀው በማርች 1984፣ በእኛ አቆጣጠር የ77ቱ የምንለው ድርቅ አገሩን ሲያነድ ነው። ያንን መሬት ከዛሬው ጋር የሚያገናኝልን የላንድሳት ሰንሰለት ነው፤ አንዴ ከተበጠሰ ማንም አይቀጥለውም።

ሁለት ቢሊዮን ዶላር ብዙ ነው፤ አልክድም። የታሰቡት ሦስት ሳተላይቶች ሁለት ይሁኑ ቢባል ቁጭ ብዬ እሰማለሁ። በድርቁ ማግስት የተቋቋመው የረሃብ ቅድመ ማስጠንቀቂያ መረብ፣ ፊውስ ኔት፣ ግን የዘንድሮውን አረንጓዴ ከቀደሙት ዓመታት አማካይ ጋር እያነጻጸረ ነው ረሃብ መጣ የሚለው። ዓይኑ የደከመ ሴንሰር የሌለ ድርቅ ሊያሳይ ይችላል፤ በችኮላ የታረመ ደግሞ ያለውን ሊሸፍን።

ስብሰባው ሲበተን ያንን ሰውዬ ያዝኩት። መሥሪያ ቤቱ የሚገዛው ምስል ለመጨረሻ ጊዜ የተፈተሸው መቼ እንደሆነ ጠየቅኩት።

«እሱን ካምፓኒው ያውቃል» አለኝና ወደ ሻዩ ሄደ።