ማስተካከያ፦ ሴት ተመራማሪዎች በዓመት የሚያሳትሙት ከወንዶች አያንስም

ስለ ታላላቅ ሴት ምሁራን የምርምር ውጤት አለካክ ባለፈው በጻፍኩት ላይ ሁለት ስህተት ሠርቻለሁ፤ አንባቢዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

«ኤች ኢንዴክስ» የተባለው መለኪያ የአንድ ተመራማሪ ሥራ በሌሎች ተመራማሪዎች ጽሑፎች ውስጥ በጠቅላላው ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ያሳያል ብዬ ነበር። አያሳይም። የፊዚክስ ሊቁ ሆርሄ ሂርሽ በ2005 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት ይህ ቁጥር ለምሳሌ 20 የሚሆነው፣ ተመራማሪዋ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች ሲኖሯት ነው። አንድ ጽሑፍ አሥር ሺህ ጊዜ ቢጠቀስም የሚቆጠረው እንደ አንድ ብቻ ነው። የፊዚክስ ሊቋን ዶና ስትሪክላንድን በ2018 እ.ኤ.አ. ለኖቤል ሽልማት ያበቃቸው፣ በ1985 እ.ኤ.አ. ከዤራር ሙሩ ጋር ያሳተሙት ሥራ እንኳ በዚህ ስሌት ከአንድ አይበልጥም። ቁጥሩ በዓመታት ብዛት ስለሚያድግም ረጅም ጊዜ በሙያው ለቆየ ሰው ያደላል።

ሁለተኛው ስህተቴ ይበልጥ ያሳዝነኛል፣ ሰዎችን ይጎዳልና። «ሴቶች በዓመት የሚያሳትሙት ከወንዶች ያነሰ ነው» ብዬ ጽፌ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚ መጽሔት የወጣው ጥናት ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ተመራማሪዎችን መርምሮ ያገኘው ግን ሌላ ነው፦ ወንዶች በዓመት በአማካይ 1.32፣ ሴቶች 1.33 ጽሑፍ። በሙሉ የሥራ ዘመን ሲደመር ወንዶች የሚበልጡት በአብዛኛው ሴቶች ከምርምር ሙያ ቀድመው ስለሚወጡ ነው። እንግዲህ ያ ዓረፍተ ነገር ተሰርዞ «ሴቶች በምርምር ላይ የሚቆዩበት ዘመን ያጥራል» ተብሎ ይነበብልኝ።