ከቴራባይቱ በፊት፦ የሚጋራው ፋይል ነው ወይስ ዲስክ?

ለሰርቨሮች የጋራ ስቶሬጅ ሲታሰብ አብዛኛው ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ቴራባይት እንደሚይዝ ነው። ሰርቨሮቹ የሚጋሩት ፋይል ነው ወይስ ዲስክ የሚለው ጥያቄ መቅደም አለበት፤ ዳታ የሚጠፋው እሱ ሲዘለል ነውና።

በኤንኤፍኤስ፣ ማለትም ፋይልን በኔትወርክ በሚያጋራው ፕሮቶኮል፣ የሚጋራው ፋይል ነው። ፋይል ሲስተሙን (ፋይሎች ዲስኩ ላይ የት እንዳሉ የሚመዘግበውን ሥርዓት) ስቶሬጁ ራሱ ስለሚያስተዳድረው አሥር ሰርቨር አንድ ፎልደር ላይ ቢጽፍም የትኛው ብሎክ (የዲስኩ ትንሽ ክፋይ) እንደተያዘ የሚወስነው አንድ አካል ነው። ዲስክን ከሰርቨር ጋር በኔትወርክ የሚያገናኙት አይስካዚና ፋይበር ቻናል ግን የሚሰጡት ጥሬ ዲስክ ነው። ሰርቨሩ እንደ ግል ዲስኩ ፎርማት አድርጎ ይሠራበታል።

ያንኑ ዲስክ ለአንድ ሰርቨር ብቻ በተሠራው ኤክስኤፍኤስ በተባለ ፋይል ሲስተም ፎርማት አድርገው ሁለት ሰርቨር ላይ ማውንት ቢያደርጉት (ለሥራ ቢከፍቱት) የሚከለክል የለም። እያንዳንዱ ሰርቨር ነጻ ብሎኮችን አንብቦ ራሙ ላይ ይይዛል፣ ሌላው የለወጠውን አያይም። ሁለቱም አንዱን ባዶ ብሎክ ለየራሳቸው ፋይል ይሰጡታል፤ ኋላ የጻፈው የፊተኛውን ይደመስሳል። ጉዳቱ ወዲያው ላይታይ ስለሚችል የተበላሸው ዳታ ባክአፕ ውስጥም ይገባል። የግድ መጋራት ካለባቸው እንደ ጂኤፍኤስ2 ያለ የክላስተር (ተቀናጅተው የሚሠሩ ሰርቨሮች) ፋይል ሲስተም ያስፈልጋል፤ እሱም መልስ ያቆመን ሰርቨር አስገድዶ የሚያጠፋ ወይም ከዲስኩ የሚነጥል ሥርዓት ይፈልጋል።

በእኔ እምነት ክላስተር አስተዳድሮ የማያውቅ ቡድን በኤንኤፍኤስ ቢጀምር ይሻለዋል። ዳታ የሚጻፍበት ከሆነ ማውንቱ ሃርድ ይሁን፣ ማለትም ስቶሬጁ እስኪመልስ ይጠብቅ። ሶፍት ከሆነ ኔትወርኩ ሲዘገይ ፕሮግራሙ ስህተት ይመለስለታል፤ ስህተቱን ካላስተናገደው ፋይሉ ጎዶሎ ሆኖ ይቀራል።

ኔትወርኩም ቀላል ነገር አይደለም። የ1 ጊጋቢት መስመር ጣሪያው በሰከንድ 125 ሜጋባይት ነው፤ አሥር ሰርቨር እኩል ሲጎትተው ለእያንዳንዱ 12 ገደማ ይደርሰዋል። ኤምቲዩውን (የአንድ ፓኬት ትልቁን መጠን) 9000 ባይት ካደረጉ ደግሞ ሰርቨሩም፣ ስዊቹም፣ ስቶሬጁም ላይ መስተካከል አለበት። ስዊቹ 1500 ላይ ከቀረ ተራ ፒንግ ያልፋል፣ ግንኙነቱም ይከፈታል፤ ትልቅ ፋይል መጻፍ ሲጀመር ግን ቀጥ ይላል። ማረጋገጫው ፓኬቱ እንዳይከፋፈል አዝዞ 8972 ባይት ፒንግ መላክ ነው፤ የቀረውን 28 ባይት የአይፒና የአይሲኤምፒ ራስጌዎች ይወስዱታል።

ስቶሬጁ ሲቆም ሁሉም ሰርቨር አብሮ ይቆማል። ስለዚህ ሁለት ኮንትሮለር (የስቶሬጁን ሥራ የሚመራው ክፍል) እና ሁለት ስዊች ይኑር፤ ሥራ ከመጀመሩ በፊትም ዳታ እየተጻፈ ሳለ አንዱን ገመድ ነቅላችሁ ሞክሩት።