ማስተካከያ፦ ጋላክሲ ኤ34ም ኦአይኤስ (የካሜራ ማረጋጊያ) አለው

ባለፈው የሳምሰንግ ጋላክሲ ኤ54ን እና ኤ34ን ካሜራ ሳወዳድር "ኤ34 ኦአይኤስ የለውም" ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ። በአምራቹ ዝርዝር መግለጫ ላይ የሁለቱም ዋና ካሜራ ኦአይኤስ አለው። የኤ54 50፣ የኤ34 ደግሞ 48 ሜጋፒክስል ነው።

ኦአይኤስ እጃችን ትንሽ ሲንቀጠቀጥ ሌንሱን በተቃራኒው እያንቀሳቀሰ ፎቶው እንዳይደበዝዝ ያደርጋል። ማታ በሻማ ብርሃን ረከቦቱን ከነሲኒው ስታነሱ ጥቅሙ በደንብ ይታያል። ስለዚህ "ለማታ ፎቶ ብር ጨምራችሁ ኤ54 ግዙ" ያልኩትን ምክር አንስቻለሁ።

ትልቁ ልዩነት ሰልፊው ላይ ነው፤ 32 ለ13 ሜጋፒክስል። ሰፊ ቦታ የሚያነሳው ሰፊ ማዕዘን ካሜራም 12 ለ8 ነው። ሰልፊ ለሚያበዛ ሰው አሁንም ኤ54ን እመርጣለሁ። በእኔ ምክር ብር የጨመራችሁ ካላችሁ ከልብ ይቅርታ።