ራሱን የሚያፈላ ቡና

ባለፈው እሑድ የእህቴ ልጅ የቤተ ሙከራ ሪፖርቱን አሳየኝ። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት የሳይንስ ተማሪ ነው። ግራፉን ባየሁ ጊዜ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። መስመሩ ሐምራዊ፣ ጀርባው ሰማያዊ ጭጋግ፣ ነጥቦቹም ጥላ የጣሉ! አግድሙና ቁሙ ምን እንደሚለኩ ብቻ አልተጻፈም። ለሠርግ መጥሪያ ማን መለኪያ ይጽፋል?

እኛ ግራፍ የሠራነው በድንቁርና ዘመን ነው። ባለ ካሬ ወረቀት ዘርግተን፣ እርሳስ ቀርጸን፣ «አንዱ ካሬ ስንት ዲግሪ ይሁን?» እያልን ግማሽ ሰዓት እንጨነቅ ነበር። አንድ ነጥብ ከጓደኞቹ ካፈነገጠ ቴርሞሜትሩን አጣምመን አንብበን ይሆን ብለን እንደገና እንለካለን። ምን ያለ የጊዜ ብክነት! የዛሬ ተማሪ ቁጥሩን አስገብቶ ቁልፍ ይጫናል፤ ከቁጥሩ ጋር ሳይተዋወቅም በሰላም ይለያያል።

ሙከራው ቀላል ነው። በብርጭቆ የተቀዳ ቡና በየ5 ደቂቃው ይለካል። ልጁ ያገኘው 82፣ 71፣ 63፣ 55፣ 50፣ 46፣ 43 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። ቡና አፍልታ የምታውቅ ሁሉ እንደምትነግራችሁ መጀመሪያ ቶሎ ቶሎ፣ ኋላ እያዘገመ ይቀዘቅዛል። ኮምፒውተሩ የመስመር ዓይነት ሲያስመርጠው ግን ልጁ ስድስተኛ ዲግሪ ፖሊኖሚያልን፣ ማለትም እስከ አምስት ጊዜ ወደ ላይና ወደ ታች ሊታጠፍ የሚችለውን ኩርባ መረጠ። ለምን ብለው፣ «ጋሼ፣ አር ስኩዌሩ ድፍን 1 ሆነልኝ!» አለኝ። አር ስኩዌር መስመሩ ለነጥቦቹ ምን ያህል እንደቀረበ የሚናገር ቁጥር ነው፤ 1 ማለት ሁሉንም ነካ ማለት ነው። ሰባት ነጥብ በስድስተኛ ዲግሪ ሲታሰር 1 ከመሆን ሌላ ምርጫ የለውም። የሰባት ጎረቤቶችን የጫማ ቁጥር ቢሰጡትም 1 ይላል።

የሪፖርቱ የመጨረሻ ጥያቄ «በ50ኛው ደቂቃ ስንት ይሆናል?» ይላል። መልሱ 2015። ዓመተ ምሕረት መስሎኝ ነበር። ለካስ ዲግሪ ነው!

በመስመሩ መሠረት ቡናው በ35ኛው ደቂቃ ሐሳቡን ለውጦ ወደ 68 ይመለሳል። በ40ኛው 218 ይደርሳል፤ አዲስ አበባ ላይ ውኃ 93 ዲግሪ አካባቢ እንደሚፈላ ማንም አልነገረውም። በ45ኛው 721 ነው፤ አሉሚኒየም በ660 ስለሚቀልጥ ማንቆርቆሪያውን አርቁት። በ50ኛው ብረት ከቀለጠ ቆይቷል። የከሰል ዋጋ የሚያስለቅሳችሁ እመቤቶች ሆይ፣ እንኳን ደስ አላችሁ! አቦሉን ቀድታችሁ ዝም ብላችሁ ተቀመጡ፤ ቶናው ራሱን ያፈላል፣ በረካው ደግሞ የሰፈሩን ብረታ ብረት ሥራ ይሸፍናል። የአገር የኃይል ማመንጫስ ከእንግዲህ ምን ይሠራል? በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተረስቶ የቀዘቀዘው ቡና ይበቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ለቅሶ ቤት ብቻ ነው። አንድ ሐዘንተኛ ሲኒውን ዘንግቶ ሃምሳ ደቂቃ ቢያለቅስ ድንኳኑ ይቃጠላል።

ለዚህ ሪፖርት ሙሉ ነጥብ ተሰጥቶታል።

እዚህ ላይ ቀልዴ ያልቃል። በዚያው ክፍል ኮምፒውተር የሌላት አንዲት ልጅ ግራፏን በእርሳስ ሠርታ፣ ሁለቱንም መስመሮች ሰይማ፣ ለስላሳ ኩርባ በነጥቦቹ መካከል አሳልፋ «ንጽሕና ይጎድለዋል» ተብላ ነጥብ ተቀንሶባታል። ይህ ነውር ነው! ያቺ ልጅ ቡናው ሲቀዘቅዝ አይታለች፤ ያረመላት ሰው ግን ግራፏን አላየም። ኮምፒውተሩን አልወቅስም፤ የታዘዘውን ሠርቷል። ትክክለኛውን ኩርባ ቢጠይቁትም ከእኔ እርሳስ በፈጠነ ነበር። ቁጥሩን ቀና ብሎ ያላየ ሰው ነው የሚያናድደኝ።

ለነገሩ የልጁ ወደፊት ብሩህ ነው። ነገ በስብሰባ አዳራሽ ቆሞ፣ ግራፉን ከዜሮ ሳይሆን ከ96 አስጀምሮ፣ ከ97 ወደ 98 የተደረገችውን እርምጃ የራስ ዳሸን አቀበት ሊያስመስላት ይችላል። አዳራሹም ያጨበጭባል። ከኋላ ተቀምጦ «ከስንት ነው የሚጀምረው?» የሚል ሽማግሌ ቢኖር ምናልባት እኔ ነኝ፤ ማይክሮፎን ግን አይደርሰኝም።

ይህን ሁሉ ለልጁ ስዘበዝብ እህቴ ብቅ አለችና ብርጭቆዬን ነካች።

«ቡናህ እኮ በረዶ ሆነ፤ ላሙቅልህ?»

«ተይው፣ ገና ሃምሳ ደቂቃ አልሞላውም» አልኳት።