«ትምህርት ቤት ያልተመዘገበ ልጅ አይፈተንም» የሚለው ልክ አይደለም

እህቴ፣ እርስዎ ፒያሳ ልጇን ቤት ለምታስተምረው እናት «ትምህርት ቤት ካልተመዘገበ አይጂሲኤስኢ (የካምብሪጅን ዓለም አቀፍ የሁለተኛ ደረጃ ፈተና) መፈተን አይችልም፣ በከንቱ አትድከሚ» ብለው የመለሱላትን አነበብኩ። አስበውላት እንደሆነ ይገባኛል። ግን ስህተት ነው፤ በዚህ ወሬ ተስፋ የሚቆርጥ ወላጅ ስላለ ዝም ማለት አልቻልኩም።

የካምብሪጅ አይጂሲኤስኢ በግል ተፈታኝነትም፣ ማለትም ትምህርት ቤት ሳይመዘገቡ፣ ይወሰዳል። ወላጅ ግን በቀጥታ ለካምብሪጅ አያመለክትም፤ የሚያስመዘግበው ዕውቅና ያለው የፈተና ማዕከል ነው። ሁሉም ማዕከል የግል ተፈታኝ አይቀበልም፣ ምዝገባውም ከፈተናው ወራት ቀድሞ ይዘጋል። ስለዚህ መጽሐፍ ከመግዛቷ በፊት ማዕከል ትፈልግ።

«ላቦራቶሪስ?» ለሚለውም መልስ አለ። በፊዚክስ፣ በኬሚስትሪና በባዮሎጂ የተግባር ፈተናውን የሚተካ፣ በጽሑፍ ብቻ የሚሠራ «ወረቀት 6» አለ። ይህ ማለት ግን ልጁ ምንም ሳይነካ ይለፍ ማለት አይደለም፤ ጥያቄዎቹ መለካትን፣ በሠንጠረዥ መመዝገብን፣ ግራፍ መሥራትን ይፈትናሉ። ቴርሞሜትር ይዞ ኩሽና ይግባ። መጽሐፉ ውሃ በ100 ዲግሪ ይፈላል ይለዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ከፍታችን የአየሩን ግፊት ስለሚቀንሰው 92 ገደማ ላይ ሲፈላ ያየዋል። ለምን እንደሆነ ራሱ ይጻፈው።

ቤት ለሚማር ልጅ ትልቁ ፈተና፣ በእኔ እይታ፣ ሰዓትና እንግዳ አዳራሽ ነው። ያለፉ ዓመታት ፈተናዎችን አትማ አራት ኪሎ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ትውሰደው፤ በማያውቃቸው ሰዎች መካከል፣ ሰዓት ተይዞለት ይሥራ። ከዚያ በማረሚያ መመሪያው አብረው ያርሙት።